ዝም ያለችው ሞተር

ጥቅምት 3፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቀጥታ ወደ ሞተር ሳይክሌ። ሌሊቱን ሙሉ ቆማ አድራ ብረቱ ቀዝቅዟል... ቫልቭ የሚነካው እንዲህ ሲሆን ነው። ባለቤቴ ይበልጣል በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ ይስቅብኛል። «የሰው ሚስት እሑድ ዘመድ ትጠይቃለች፤ የእኔዋ ብሎን ትፈታለች።» ይሳቅ። ድሮ ድብ ባሕር ጤና ጣቢያ ከተመደብኩበት ጊዜ ጀምሮ፣ ወደ አዘዞም ከተዛወርኩ ወዲህ፣ በዚያ ሁሉ አቀበት የተሸከመችኝ እሷ ናት። እሱ አንድ ቀን ተሸክሞኛል?

ክዳኖቹን ፈታሁ። ፊለሩን፣ ያቺን ስስ የብረት ምላስ፣ በብሎኑና በቫልቩ ጫፍ መሀል አስገብቼ ሳብኩ። ያዝ አድርጎ መልቀቅ አለበት፤ አራስ ሕፃን ጣት ሲይዝ እንደሚይዘው። ያዘኝ። ዳዶውን አጠበቅሁ፣ ከደንኩ፣ አስነሳሁ...

ምንም የለም። ያ ትንሹ ቲክ ቲክ የለም።

አያ ዋኘው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የወረዳው ሹፌር ነበር። ቫልቭ ያስተማረኝ እሱ ነው። «ብረቱ ይጀምራል፣ ጆሮ ይጨርሳል» ይለኝ ነበር። «ስታንኳኳ አትፍሪ። ዝም ስትል ፍሪ፤ ዝም ካለች ጠብቃለች፣ ትቃጠልብሻለች።»

ታዲያ ጠብቃ ይሆን? ነገ ሳትሞቅ ትንሽ አላላታለሁ።

ጥቅምት 4

ከሥራ በፊት ጥቂት አላላሁ። አሁንም ዝም። ፊለሩ አርጅቶ ሳስቶ ይሆናል...

ጥቅምት 10፣ እሑድ

ዛሬም አላላሁ። ጆሮዬን ሞተሯ ላይ ልለጥፍ ምንም አልቀረኝ። ከታች የሚያጉረመርመው ይሰማኛል፣ ደህና አድርጎ ይሰማኛል። ቲክ ግን የለም። ስለዚህ ደግሜ አላላሁ። ይበልጣል ከውስጥ ወጥቶ አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ፤ መልሶ ገባ።

ምን ሊል ነበር?

ጥቅምት 13

ጤና ጣቢያው በር ላይ ጥበቃው አስማረ እየሳቀ ተቀበለኝ። «ሲስተር፣ ከአስፋልቱ ጀምሮ ሰማንዎት እኮ! ወፍጮ ጭነው ነው የሚመጡት?» ቀልደኛ ነው። እኔም ሳቅሁለት።

አቀበቱ ላይ ግን ደከመች። እንዲህ ሆና አታውቅም።

ልዕልትም፣ አብራኝ የምታዋልደዋ ልጅ፣ «ሲስተር፣ ሦስቴ ጠራሁሽ» አለችኝ። ሐሳብ ላይ ነበርኩ አልኳት። ነበርኩ እንዴ?

ጥቅምት 17፣ እሑድ

አዲስ ፊለር ገዝቼ ነበር። ክዳኑን ከፈትኩ። ትክክለኛዋን ምላስ አስገባኋት... ሄደች። ምንም አልያዛትም። ሌላ ደረብኩ። ሁለቱም አለፉ።

መሬቱ ላይ ቁጭ አልኩ። ይህን ያህል የላላ ቫልቭ ሰፈር ይቀሰቅሳል። አስማረ እየቀለደ አልነበረም።

ክዳኑን መለስኩ። አስነሳሁና ይበልጣልን ጠራሁት። «ምን ይሰማሃል?»

መሬት መሬት አየ።

«ይበልጣል፣ ምን ይሰማሃል?»

«ሰርኬ... መዶሻ ነው የሚሰማኝ። ሰሞኑን ሁሉ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ምን ብዬ? ከፋሲካ ወዲህ እኮ ቴሌቪዥኑ ሲጮህ ነው የሚውለው። የበሩ ደወል ሲጠራ ዝም ትያለሽ። ጆሮሽ ነው ልበልሽ? በጆሮሽ የምትኮሪ ሰው...»

ጮኽኩበት። ጎረቤት እስኪሰማ ጮኽኩበት። ለእኔ አስቦ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ከፋሲካ ጀምሮ! በነዚህ ወራት በስንት እናት ሆድ ላይ ጎንበስ ብዬ «ደህና ነው» ብያለሁ?

ስትቀዘቅዝ በፊለሩ ልክ አስተካክዬ ዘጋኋት። አላስነሳኋትም። ለማን ጆሮ ብዬ?

ጥቅምት 18

የጽንስ ልብ የሚያዳምጠው የባትሪ መሣሪያ በየጊዜው ይበላሻል። ያኔ እኔን ይጠራሉ። «ሲስተር ሰርካለም ትምጣ፤ የእሷ ጆሮ አይስትም።» አንዱ ጫፏ ሆድ ላይ፣ ሌላው ጆሮ ላይ፣ ያቺን ቀንድ የምንላትን ማዳመጫ ይዤ ስገባ ክፍሉ ሁሉ ጸጥ ይልልኛል። እወደዋለሁ ያንን ጸጥታ። ለምን እዋሻለሁ፣ እወደዋለሁ።

ዛሬ የአንዷን አዳመጥኩ። ዱብ ዱብ... ሰማሁ። ሰማሁ ወይስ ስለለመድኩት አእምሮዬ ሞላልኝ? ልዕልትን «መሣሪያውን አምጪ» አልኳት። ገረማት። አመጣች። ልክ ነበር። 

ጡረታዬ ቀርቧል። ዝም ብዬ ብጨርሰውስ? ማን ያውቃል?

አንድ ልጅ ቢሞትብሽስ፣ ሰርካለም?

ጥቅምት 26

የጆሮ ሐኪም ጋ። የልጅ እግር ነው፣ ትሑት። ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ደፋልኝና «ድምፅ ሲሰሙ እጅዎን ያንሱ» አለኝ። አነሳሁ። ደጋግሜ አነሳሁ። ኋላ ነው የገባኝ... ጣቱን እያየሁ ነው የማነሳው። ቁልፉን ሲጫን አነሳለሁ። ሳልፈልገው እያታለልኩት ነበር። እሱም ገባው። «ሲስተር፣ እስኪ ፊትዎን ወደ ግድግዳው ያዙሩ።»

ግድግዳው ነጭ ነው። አንድ ጥግ ላይ ቀለሙ ተልጧል። እሱን ሳይ እጄ ጭኔ ላይ ለብዙ ጊዜ ቆየ።

ቀጭኑ ድምፅ ሄዷል። ወፍራሙ አለ። አይመለስም፤ እንዳይብስ መጠንቀቅ ነው። የጽንስ የልብ ምትስ አልኩት፣ ከየትኛው ነው? «ከወፍራሙ ነው፤ ይሰሙታል» አለ። ደስ ሊለኝ ሲል ጨመረበት። «ግን ብቻዎን አይወስኑ።»

ሳልበላ ተኛሁ።

ኅዳር 2

ለኃላፊያችን ለአቶ ታከለ ነገርኩት። ወረቀቱን አየና በሩን ዘጋው።

«ማን ያውቃል?»

«እኔና ባለቤቴ።»

«እንግዲያው ይቆይ፣ ሲስተር። ባለሙያ እንደሌለን ያውቃሉ። ወፍራሙ ይሰማል ብሎ የለ?»

ክፉ ሰው አይደለም። ጭንቅ ይዞት ነው። እኔም ለአንድ አፍታ... እሺ ልል ነበር። እንዴት ደስ ባለኝ!

«አይቆይም» አልኩት። «እኔ ካዳመጥኩ በኋላ ሌላ አዋላጅ ታዳምጥ፤ ሌላ ሰው ከሌለ መሣሪያው ይኑር። እሱም ከሌለ እናቲቱ ወደ ሆስፒታል ትላክ። ካልሆነ ከማዋለጃ ክፍሉ ያውጡኝ።»

አጉረመረመ። ሥራ ይጓተታል አለ። ይጓተት። በመጨረሻ እሺ አለኝ።

ለልዕልትም ነገርኳት። አላዘነችልኝም፤ ለዚያ አመሰግናታለሁ። «ሦስቴ ስጠራሽ ኮርተሽብኝ መስሎኝ ነበር እኮ!» አለች።

ኅዳር 12፣ ሚካኤል

በማኅሌቱ ቆሜ ነበር። ከበሮው ደረቴን ይመታኛል። ቀና ብዬ የካህናቱን እጅ አየሁ... ጸናጽሉ ይወጣል፣ ይወርዳል። ድምፁ የለም። ዓምና ለይበልጣል «የዘንድሮ ካህናት እጃቸው ሰንፏል» ብዬው ነበር! እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ጎኔ የቆመችው ሴት እጄን ያዘችኝ። እያለቀስኩ ኖሯል።

ከይበልጣል ጋር ታረቅን። እሱ ተናገር ሲሉት አይናገር፣ እኔ ዝም በይ ሲሉኝ ዝም አልል... «ከእንግዲህ ያልሰማሁትን ንገረኝ» አልኩት። ወዲያው «ማሰሮው እየገነፈለ ነው» አለኝ። እውነትም ገንፍሏል።

ኅዳር 19

ከሳንጃ የመጣች፣ እታገኘሁ የምትባል ልጅ። የመጀመሪያዋ ነው። እኅቷ ቤት አዘዞ ሰንብታ ምጧ መጣ። መሣሪያው እንደ ልማዱ ተበላሽቷል። ጎንበስ ብዬ በቀንዷ አዳመጥኩ። ሰማሁ። ቀንዷን ለልዕልት ሰጠኋት፤ እሷም ጎንበስ አለች።

እታገኘሁ አንዴ እኔን አንዴ እሷን አየች። ፊቷ ዐመድ መሰለ። ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ።

«ምነው እትየ፣ ሁለት ሁናችሁ? ምነው? ሞተብኝ?»

ይሄን አላሰብኩትም ነበር። ለካ ሁለተኛ ሰው ሲጠራ እናት የምታስበው አንድ ነገር ነው። ልዕልት ቀና ብላ ልክ መሆኑን ራሷን ነቅንቃ ነገረችኝ፤ ከዚያ ምን እንደምመልስ ጠበቀች። «ደንቡ ነው» ማለት ይቻላል። ምላሴ ላይ ነበር። ለወላድ ደግሞ ስለ ጆሮዬ ነግሬ አላውቅም።

«የለም የኔ እመቤት። ልጅሽስ ሸጋ ነው። የደከመው የኔ ጆሮ ነው። እሷ የምታዳምጠው እኔ እንዳልሳሳት ነው።»

ትክ ብላ አየችኝ።

«የአንቱ ጆሮ?»

«የኔ ጆሮ።»

«እሰይ!» ብላ እጇን ወደ ላይ ዘረጋች። «እሰይ! እንኳን የአንቱ ሆነ!»

ልዕልት አፏን በክንዷ ሸፈነች። እኔ አልቻልኩም፣ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። እታገኘሁም ሳቋ ጀመራት፤ መሀል ላይ ምጡ መጣና ሦስታችንም ወደ ሥራችን ተመለስን። ከሰዓት በኋላ ወንድ ልጅ ወለደች።

ማታ ለይበልጣል አወራሁለት። ሊስቅ አለና ፊቴን አየ፤ የከፋኝ መስሎት።

«እውነቷን ነው» አልኩት። እንኳን የኔ ሆነ።