የወፏ ስምና አድራሻ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3 ቀን 1978፣ ጧት

ወጌሻው ዛሬም መጣ። እግሬን ፈታ፣ አሸ፣ ቅቤ ቀባ፣ መልሶ አሰረ። ጮኽኩ። ዘነበች ከጓዳ ሆና ወንድ ልጅ እንዲህ አይጮኽም ብላ ቆጣች። ታላቅ እኅቴ ናት። እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደገችኝ እሷ፤ አሁንም በቤቷ አስተኝታ የምታስታምመኝ እሷ። ስለዚህ ጋቢዬን ነክሼ ቻልኩት።

ደብተሬ፣ እስካሁን የምጽፍብሽ ነዳጅና ኪሎ ሜትር ነበር። መኪናዋ ገደል ገባች። እንግዲህ የኔን ጉድ ስሚ።

ከደብረ ታቦር ጨው ጭኜ ወደዚህ ወደ ንፋስ መውጫ እመለሳለሁ። ጠመዝማዛው ላይ ጉም ነው። ሸራ የለበሰ ትልቅ መኪና መንገዴን ይዞ መጣ፤ ጎኔን መትቶ ገደል ከተተኝ። አልቆመም። ከዚያ በኋላ የማውቀው የለም። ስነቃ ጤና ጣቢያ ነኝ።

ጓድ አድማሱ ትናንት መጥተው ጠየቁኝ። የኅብረት ሥራ ማኅበራችን ሊ/መንበር ናቸው። ብርቱካን ይዘው መጡ፤ ንግግራቸው ግን ኮሶ ነው። የምነዳት የማኅበሩ ፒክአፕ መድን አላት። መድን ቤቱ የሚከፍለው ግን ሌላ መኪና ከገጫት ብቻ ነው። ሹፌሩ ራሱ ከገለበጣት አይከፍልም። ካልከፈለ የሰፊውን ሕዝብ ንብረት ያወደምኩ እኔ ነኝ፤ እታሰራለሁ። ምስክር ፈልግ አሉኝ። በምን እግሬ?

ዓርብ፣ ኅዳር 6

የትራፊክ ፖሊሱ ሪፖርት ደረሰ። የሌላ መኪና ምልክት አልተገኘም ይላል። ምን ምልክት ይገኛል፣ እዚያ ለመድረስ ሁለት ቀን ፈጅቶበት! በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ።

የዘነበች ባል ወደ ጠመዝማዛው ሄዶ ቤት ለቤት ጠየቀልኝ። ሁሉም ውቂያ ላይ ነበርን፣ አላየንም፣ አልሰማንም አሉ። አልፈርድባቸውም። የመሰከረ ሰው ወረዳ ይጠራል፤ አዝመራውን ሜዳ ላይ ጥሎ። በዚህ ላይ ዘንድሮ የብሔራዊ ውትድርና አፈሳ አለ። ወረዳ እግሩን ማስገባት የሚወድ ማን ነው?

አልፈርድም አልኩ እንጂ ተናድጃለሁ። ያን ሁሉ ጨው ያመላለስኩላቸው እኔ አይደለሁም?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

የምሥራች፣ ትንሽዬ። የጠመዝማዛው ሽማግሌ አያ ወርቁ፣ አውጫጭ ይደረግልሃል ብለው ላኩብኝ። ካድሬው ኋላ ቀር ይለዋል፤ ሰዉ ግን አልተወውም። አገሬው ሜዳ ላይ ይቀመጣል፣ ይምላል። ያየ ሰው በአደባባይ አይናገርም፤ ለሽማግሌው በጆሮው ሹክ ይላል። ሽማግሌው ተነሥቶ «ወፍ እንዲህ አለች» ይላል። የወፏን ማንነት ያወጣ ውጉዝ ነው።

ሐሙስ ሚካኤል ነው፤ ውቂያ የለም። ለዚያ ቀን ተቀጠረ።

ኅዳር 12፣ ሚካኤል፣ ማታ

በቃሬዛ ተሸክመው ወሰዱኝ። አፈርኩ። ጎልማሳ ሰው እንደ ሬሳ!

ቅዳሴ ሲያልቅ ተቀመጡ። ወንዱም ሴቱም። ረፋድ አለፈ፣ ቀትር ሆነ፣ አንድም ሰው ውል ያለው ነገር አልተናገረም። አያ ወርቁ እየዞሩ እያንዳንዱን ለብቻው አነጋገሩ። ተስፋዬ ተሟጠጠ። ከዚያ በትራቸውን ተክለው ቆሙ። ወፍ፣ ትልቁ መኪና ሲገጨው አይቻለሁ አለች። ሳይቆም ወደ ደብረ ታቦር አቅጣጫ ሄደ አለች። የታርጋውንም ቁጥር፣ አንድም ሳይጎድል!

አለቀስኩ። ሰው ፊት አለቀስኩ፣ ምን ታረጊኛለሽ። የገበሬ ማኅበሩ ጸሐፊ ቃሉን ጽፎ ማኅተም መታበት።

ዓርብ፣ ኅዳር 20

ጓድ አድማሱ ከመድን ቤቱ ተመለሱ። ወረቀቱን ያነበበው ሠራተኛ ሳቀ፤ ለጓደኞቹም አነበበላቸው፤ እነሱም ሳቁ። ከዚያ የወፏን ሙሉ ስም፣ አድራሻና ፊርማ አምጡ አለ። መጻፍ የማትችል ከሆነ አሻራ ይበቃል።

እኔም ሳቅኩ። ዘነበች አበደ ብላ ጸበል ረጨችብኝ።

መኪናው በእርግጥ አለ፤ በታርጋው ተገኝቷል። ባለቤቱ ግን በዚያ ቀን በዚያ መንገድ አላለፍኩም ብሎ ካደ። ከኔና ከሱ ማን ይታመናል? ቀርቦ የሚምል፣ ስም ያለው ሰው ያስፈልጋል። እስከ መጪው ሐሙስ። ከዚያ ወዲያ ፋይሉ ይዘጋል፣ እኔም ወደ ፖሊስ እተላለፋለሁ። መድናችን ላም አለኝ በሰማይ ሆነች።

አያ ወርቁን አስጠየቅኩ። አንገቴ ይቀላ እንጂ አልናገርም ብለዋል።

ሰኞ፣ ኅዳር 23



አንዲት ሴት መጣች። እማማ ጠጄ ይባላሉ፣ ጠመዝማዛው ላይ የሚኖሩ ባል የሞተባቸው። በሶ ይዘው። ዘነበች አስገብታቸው ወደ ጓዳ ገባች። ቁጭ እንዳሉ፣

«ልጄ፣ ወፏ እኔ ነኝ» አሉኝ።

ጉልበታቸውን ልስም ቃጣኝ። እግሬ ባይታሰር እስም ነበር። ሐሙስ ይመጣሉ? አልኳቸው። ለዚሁ ነው የመጣሁ አሉ። መድን ቤት እንደሚጠይቃቸው አድርጌ ልሞክራቸው ብዬ እዚህ ገጽ ላይ 3 እና 8 ጻፍኩ። የቱ ነው ሦስት? ብዙ አዩት። አንገታቸውን ነቀነቁ። ፊደል አያውቁም። ቁጥሩን በቃላቸው ነው የያዙት።

ታዲያ ታርጋውን ማን አነበበልዎ?

ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ልጅ አላቸው። ስድስተኛ ክፍል ደርሷል። ባለፈው አፈሳ ጊዜ ከሰልፍ ያመለጠ፤ ከዚያ ወዲህ ባዶ የእህል ጎታ ውስጥ ተደብቋል። ያን ጧት በጉሙ ተከልሎ ለመናፈስ ወጥቷል። ያየው እሱ፣ ያነበበው እሱ፣ ከገደሉ ጎትቶ ያወጣኝም እሱ፣ ከእናቱ ጋር።

«እሱ ቢመሰክር አንተ ትድናለህ፤ እሱን ግን ይወስዱታል። እህሉ ሲገባ ደግሞ ከጎታው አውጥቼ የት ላድርገው? ሰው ማማከር አልችልም። አንተው ምከረኝ።»

እኔን! ከሰው ሁሉ እኔን!

በሶውን ይጠጡ አልኳቸው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 24

ዘነበች ከጓዳ ሁሉንም ሰምታለች።

ቀኑን ሙሉ ተጣላን። ሰው ነው፣ ከሞት ያወጣኝ ልጅ ነው አልኳት። የመለሰችልኝ ይኸው ነው፦

«እሱ ለእሷ ልጇ ነው፤ አንተስ ለኔ ምንድን ነህ?»

አዝላ ያሳደገችኝ ናት።

እውነቱን ልጻፍ፣ ደብተሬ። የልጁን ነገር ልናገር ፈልጌያለሁ። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ሁለት ጊዜ አፌ ላይ መጥቶ ነበር። እስር ቤት እፈራለሁ። የተሰበረ እግር ይዞ ሲሚንቶ ላይ መተኛት እፈራለሁ። እሱ ወጣት ነው፣ ምናልባት ከጦርነት ይተርፋል ብዬ አሰብኩ። እንዲህ ማሰቤን ጠላሁት፤ ግን አሰብኩ።

እንዳትናገሪ ብዬ ለመንኳት። ወጥ ታማስል ነበር። ቀና ብላም አላየችኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 25፣ 1 ሰዓት ተኩል

ዘነበች ቤት የለችም።

ጎረቤታችን አያ ደሴ፣ ጎህ ሲቀድ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ኅብረት ሥራው ቢሮ ስትሄድ አየኋት አለኝ። በሩ ላይ ቆማ ጓድ አድማሱን እየጠበቀች ነው አለ። ቢሮው ሁለት ሰዓት ይከፈታል።

አያ ደሴን በቅሎህን ጫንልኝ አልኩት። በዚህ እግርህ? አለ። በዚህ እግሬ!

የማደርገውን አውቄያለሁ። ሌሊቱን ሙሉ ያጣሁት አሁን መጣልኝ። ሌላ መኪና አልነበረም እላለሁ። እንቅልፍ ጣለኝ፣ ራሴ ገለበጥኳት ብዬ እፈርማለሁ። ጥፋተኛ ከተገኘ ምስክር የሚፈልግ የለም፤ ጎታ የሚበረብርም የለም። ዘነበች ብትናገርም፣ ለወንድሟ ስትል የፈጠረችው ነው እላቸዋለሁ። በሰው ፊት ውሸታም አደርጋታለሁ። እሷን፣ ያሳደገችኝን።

እፈራለሁ። እየፈራሁም እሄዳለሁ።

በቅሎዋ በር ላይ ደረሰች። አያ ደሴና ልጁ ሊያነሡኝ ገቡ። ቶሎ በል ይሉኛል። ዘነበች፣ ይህን ደብተር ካገኘሽው፣ አንቺ እኔን ለማዳን…