ኮምባይነር የመረጥሁበት ኅዳር

ኅዳር 6
አሮጌው ኮምባይነራችን ዛሬም ቆመ። ቀበቶው ለሦስተኛ ጊዜ ተበጠሰ። አባዬ ከሥሩ ወጥቶ እጁን በናፍጣ ታጠበና «በቃ፣ ይሸጥ። የተማርኸው አንተ ነህ፤ የሚተካውን አንተ ምረጥ» አለኝ። እኔ? ከተመረቅሁ አራት ወር ያልሞላኝ? ደስ አለኝ። ሌላ ኮምባይነር አከራይ ወደዚህ እየመጣ ነው ይላሉ። ካልፈጠንን የዐሥር ዓመት ደንበኞቻችንን መውሰዱ ነው።

ኅዳር 9
ዘንዘልማ። ጥዑመ ልሳን የሚባል የማሽን ነጋዴ ግቢ ሁለት ያገለገሉ ኮምባይነሮች ቆመዋል። አንዱ ሰፊ፣ እህሉን እያሽከረከረ የሚወቃ ሮተር ያለው፣ ብዙ ሰዓት ያልሠራ። ሌላው ጠባብ፣ በዕድሜ የሚበልጥ፣ ቀለሙ የተላጠ። ስለ ጠባቡ አንድ ነገር እንኳ አልጠየቅሁም። «ኢንጂነር፣ ዓይንህ ያውቃል» አለኝ። ሊሸጥልኝ ብሎ ነው... ግን ልክ ነው፤ ሮተር ፍሬ አይጥልም። መጀመሪያ ማሳ ላይ ይሞከር ተባባልን።

ኅዳር 12
ሚካኤል። ማሳ የሚነካ የለም። ቁጭ።

ኅዳር 13
የእትዬ ወለተ ሚካኤል ሩዝ፣ ጣና ዳር። የድሮ ደንበኛችን ናቸው። አንድ መስመር ብቻ አጨድን። ወርጄ መሬቱን ፈተሽሁ፤ የወደቀ ፍሬ የለም ማለት ይቻላል። ልጮህ ምንም አልቀረኝ። ቀና ስል እትዬ ከማሽኑ ፊት ቆመዋል።
«አቁሙልኝ! ገለባዬን ምን አደረጋችሁት?»
ዱቄት ሆኗል። ጭቃው ላይ ተበትኗል።
«እትዬ፣ ፍሬው እኮ...»
«ፍሬውን እኔ እበላለሁ። በሬዎቼ እስከ ሰኔ አንተን ይብሉ?»
ተራ የሚጠብቁት ገበሬዎች ሳቁ። ከዚያ አንድ በአንድ ሄዱ። አባዬ ጎንበስ ብሎ የደቀቀውን ገለባ በእጁ አፈሰ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።
ስለሚባክን ፍሬ ስንት ኮርስ ወሰድሁ። ስለ ገለባስ?... አንድ ገጽ እንኳ አላስታውስም።

ኅዳር 14
ከቤታችን ክምር ገለባ በጋሪ ጭኜ ወሰድሁላቸው። እትዬ ዳበስ አደረጉት።
«የጤፍ! ከሩዙ ይጣፍጣል እኮ፤ ላሜ ነገም ና ገለባችንን ፍጭብን ትልሃለች።»

ኅዳር 16
ዘንዘልማ ተመለስሁ። ጠባቡን እዚያው አጠገብ ያለ ማሳ ላይ ሞከርነው። ገለባውን ሳይሰባብር ከኋላ በረድፍ እየጣለ ይሄዳል። ፍሬ ይጥላል፤ ወንፊቱ ቢስተካከል ይቀንሳል። ጥዑመ ልሳን «ኢንጂነር፣ ሰው ወደፊት ሲሄድ አንተ ወደ ኋላ?» አለኝ።
ለአባዬ ደወልሁ። «ተሳስቼ ነበር» ማለት ከበደኝ። እንደምንም አልሁት።
«አየሁ እኮ» አለ። «ጠባቡስ እንዴት ነው?»

ኅዳር 26
ጠባቡን ገዛነው። ይዘገያል። ሰፊው በአንድ ቀን የሚጨርሰውን በቀን ተኩል። አሁንም ሰፊው ያምረኛል፣ አልዋሽም። የእትዬ ሩዝ ትናንት ታጭዶ አለቀ። ከሄዱት ግማሾቹ ተመልሰዋል... ሌሎቹን እንጃ።
ዛሬ ከላይኛው ሰፈር አንድ ሽማግሌ መጡ። ማሳቸውን ሊያሳጭዱ ነው። «የማሽኑ ጉልበት እንዴት ነው?» አሉኝ። የተማርሁትን ልዘረዝር አፌን ከፈትሁ...
«ስንት ከብት አለዎት?» አልኋቸው።
ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ ከነጥጃው ቆጠሩልኝ።