ልዑሉ የገመጣት ኬክ

ማርስትራንድ፣ ሐሙስ ጠዋት

ቪቬካዬ፣

ያ የጥርስ ሐኪም ልጅ አግብቶ ልዑልነቱን የተገፈፈው ሲክስተን እኔ ያረፍኩበት ቤት ነው ያረፈው ብልሽ ታምኛለሽ? አከራያችን ወይዘሮ ሆግሉንድ «ከእንግዲህ እሱም እንደኛው ተራ ሰው ነው፤ ማንም እንዳይነሳለት!» ብላ አስጠንቅቃናለች።

ትናንት ከሰዓት ቡና ስንጠጣ ትሪው ላይ አንዲት ኬክ ብቻ ቀረች። እንግዲህ የመጨረሻዋን ማን ይደፍራል? እኛ መሥሪያ ቤት ብትሆን እስክትሻግት ስንተያይ እንከርም ነበር። ሰውዬው ግን ብድግ አድርጎ ገመጣት! ሚስቱ ማይ-ብሪት ፊቷ ቲማቲም መስሎ «ሲክስተን፣ መልሳት!» አለችው። መለሳት እኮ፤ እንደተገመጠች!

«ቤተ መንግሥት እያለሁ ወዲያው ሌላ ትሪ ይመጣ ነበር» አለ ምስኪን።

«እዚህ የሚመጣው ሐሜት ነው» አለችው።

ወይዘሮ ሆግሉንድ ትሪውን መንጭቃ ወደ ጓዳ እየገባች «ዘውድ የተወ ሰው ኬክ መተው ያቅተዋል?» ስትል ሆዳችንን ይዘን ሳቅን።

ዛሬ ለቁርስ ስወርድ ምን ባይ ጥሩ ነው? ኬኳ በብር ሳህን ላይ፣ የብርጭቆ ክዳን ተደፍቶባት፣ ሳሎን መሃል ጉብ ብላለች! ወይዘሮ ሆግሉንድ የሰፈሩን ሰው ጠርታ «አትንኩ! ልዑላችን የገመጣት ናት» እያለች በተራ ታሳያለች።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። እናትሽን ሳሚልኝ። እንዳልስቅባቸው ደግሞ፣ እኔም ራሴ ይህን የምጽፍልሽ ኬኳን ለማየት ተሰልፌ ነው።

ያንቺዋ ሲግኔ