የአርባ ዓመቱ ዘፈናችን

ቺዙሩ፣

ሩዙ ማብሰያው ውስጥ ነው። የሚሶ ሾርባውን አሙቂው እንጂ አታፍይው።

ያ የአርባ ዓመት ዘፈናችን ከኢንተርኔት ተቆፍሮ ከወጣ ወዲህ ፊርማሽን የሚለምን ጎረምሳ ከደጃችን ጠፍቶ አያውቅም። ትናንት ለጋዜጠኛዋ፣ «ድምፄ ዛሬም እንደ ድሮው ነው» ስትዪያት ልብስ እያሰጣሁ ሰማሁሽ።

እውነትሽን ነው። ያኔም አንቺ መድረክ ላይ ከንፈርሽን ታንቀሳቅሺ ነበር እንጂ ሸክላው ላይ የዘፈንኩት እኔ ነኝ። ሸክላውን ያሳተመው አለቃችን፣ «መልኩ ከእሷ፣ ድምፁ ከአንቺ» ሲለኝ እሺ ብዬ ዝም አልኩ።
አንቺም ዝም አልሽ።

ዛሬ ከሰዓት ግን ቴሌቪዥን ላይ የምትዘፍኚው በቀጥታ ነው አሉ፤ ሸክላ አይከፈትልሽም።

ሳልቀሰቅስሽ ኒጋታ ከተማ እህቴ ዘንድ በመሄዴ ይቅር በይኝ። ማር መሳቢያው ውስጥ አለልሽ፤ ለጉሮሮ ይረዳል።

እኔና እህቴ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጠን እናዳምጥሻለን።

ኖቡኤ