የሐዋ ጣት

ግንቦት 12 ቀን 1974 ዓ.ም.፣ ድሬዳዋ

ዛሬ የተማሪዬን የሐዋን ጣት ሰበርኩ። በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ አስነስቼ ጠየቅኳት፤ እንደ ወትሮዋ መሬት መሬቱን እያየች ዝም አለች። «እንግሊዝኛ የሚናገሩት ዓይን ዓይን እያዩ ነው! ቀና በይ!» ብዬ ጮህኩባት። ይባስ ብላ አቀረቀረች። በጣውላው ማስመሪያ እጇን መታሁት፤ ደገምኩ። በሦስተኛው አጥንቷ ቀጭ ሲል ሰማሁ።

አባቷ የባቡር ሠራተኛ ናቸው፤ ተጠርተው መጡ። ሊደበድቡኝ ነው ብዬ ነበር።

«ምን አጠፋች፣ ጓድ መምህር?»

«ሳናግራት ቀና ብላ አታየኝም።»

«እሱን ያስተማርኳት እኔ ነኝ» አሉ። «አስተማሪን ዓይን ዓይኑን ማየት ነውር ነው ብዬ በቀበቶ ገርፌያታለሁ። ዓይኗን ብታነሳ እኔ እመታታለሁ፤ ባታነሳ አንተ። ልጅቷ የት ትግባ?»

የደቻቱን ወንዝ ተሻግረን ወጌሻ ቤት ወሰድናት። ወጌሻው ጣቷን ሲስብ ትከሻዋን ጨምድጄ የያዝኩት እኔ ነኝ። «ሆዮ! ሆዮ!» እያለች በሶማልኛ እናቷን ተጣራች፤ ጩኸቷ መንገደኛ አስቆመ።

ዓመቱን ሙሉ ሳስተምራት ድምጿን አጥርቼ የሰማሁት ዛሬ ነው።