በቀን አርባ ጥሪ

መጋቢት 15፣ ማክሰኞ

ስልሳ ሁለት ሰው። የስኳርና የደም ግፊት ክፍሉ ጢም ብሎ ዋለ። ተላላፊው የሳንባ በሽታ መጣ ከተባለ ወዲህ ወንበሮቹን አራርቀናቸዋል፣ ግማሹ ሰው በረንዳ ላይ ነው ተራ የሚጠብቀው። ቢሆንም አንድም ሰው ሳይታይ አልተመለሰም። ግፊት ለካሁ፣ ካርድ ጻፍኩ፣ ቀጣይ። ግፊት ለካሁ፣ ካርድ ጻፍኩ፣ ቀጣይ። በዚህ ሆስፒታል ከኔ የሚፈጥን ነርስ የለም። ራሴን ላወድስ፣ ይሄን ደብተር ማን ያየዋል?

መጋቢት 17፣ ሐሙስ

ኃላፊያችን ቢሮው ጠራኝ። ልጅ እግር ነው፣ ጎበዝ ነው፣ ግን ያለ ሠንጠረዥ አይተነፍስም። እኛም በሌለበት «ሠንጠረዡ» ነው የምንለው። የሚያውቅ አይመስለኝም... ነው ወይስ ያውቃል?

«ሲስተር፣ አስም አለብዎት። ከሰኞ ጀምሮ ከቤት ይሠራሉ።»

«ከቤት ምን እሠራለሁ?»

«ሕመምተኞቹን በስልክ ይከታተላሉ። በቀን አርባ ጥሪ።»

«ግፊት በስልክ ይለካል እንዴ?»

አልሳቀም። ሠንጠረዥ ሰጠኝ።

ስወጣ ጓደኛዬ ኮሪደር ላይ ጠበቀችኝ። አሥራ አንድ ዓመት አንድ ክፍል ውስጥ አብረን ሠርተናል። ከሰኞ ጀምሮ ወደ ሳንባ ሕመምተኞች ክፍል ተዛውራለች። «ሂጂ፣ አንቺም ተኝተሽ እንዳላክምሽ» አለችኝና ሳቀች። እሷ እዚያ እሳቱ ውስጥ፣ እኔ ነጠላ ጫማ አድርጌ ሶፋ ላይ... ይሄ ሥራ ይባላል?

መጋቢት 21፣ ሰኞ

ነጩን ጋውኔን ለብሼ ምግብ ጠረጴዛው ላይ ተሰየምኩ።

«እማዬ፣ ማን ያይሻል?» አለችኝ ልጄ።

«እኔ አየዋለሁ።»

ባለቤቴ መኪና መንዳት አስተማሪ ነው። ማሰልጠኛው ስለተዘጋ እሱም ቤት ነው ያለው። ሰው ሳያስተምር መዋል አይችልበትም መሰል፣ ኋላዬ ቆሞ እኔን ማስተማር ጀመረ። «ቀስ በይ። አሁን ፍጠኚ። ኧረ ዝጊው፣ ጨርሷል ሰውዬው!» እጄን አወናጭፌ አባረርኩት። በስልክ ያለችው ሴትዮ «ማነው ሚጮህብሽ እህቴ? ችግር አለ እንዴ?» ብላ ተጨነቀችልኝ። ሐኪሟ እኔ፣ የምታጽናናው እሷ!

አሥራ አራት ሰው። አሥራ አራት ብቻ!

መጋቢት 24፣ ሐሙስ

ወደ መኝታ ቤት ተሰደድኩ። የልብስ መተኮሻው ጠረጴዛ ቢሮዬ ሆኗል። ወጥ ቤት እያለሁ አንድ ሰውዬ «ሲስተር፣ ምንድነው የምትጠብሺው?» ስላለኝ ነው። ጨውና ቅባት ቀንሱ እያልኩት ነበር...

መጋቢት 25፣ ዓርብ

የሳምንቱ ሠንጠረዥ መጣ። ከቤት የምንሠራ አሥር ነን። አሥረኛ ወጣሁ። እኔ! የስልሳ ሁለቷ!

ኃላፊው ደወለልኝ። «ሲስተር፣ አንዱ ጥሪዎ በአማካይ አሥራ አንድ ደቂቃ ይፈጃል። ሦስት ይበቃል።»

እውነቱን ነው። ግን ሰዎቹ አይለቁኝማ! በተለይ ፀጉር አስተካካዩ። ስልሳ አንድ ዓመቱ ነው፣ ስኳር አለበት፣ ሱቁን ዘግቶ ከሚስቱ ጋር ቤቱ ተቀምጧል። አርባ ዓመት የሰው ጭንቅላት ይዞ ሲያወራ የኖረ ሰው አሁን የሚያወራው ከኔ ጋር ብቻ ነው። ስኳሩ ስንት እንደሆነ ለማወቅ መጀመሪያ ሁለት ቀልድና የአንድ ደንበኛ ታሪክ መስማት ግድ ነው። ባለፈው የአንድ ራሰ በራ ታሪክ ሲነግረኝ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። ሃያ ስድስት ደቂቃ። ሠንጠረዡ ላይ ሳቅ የሚሞላበት ቦታ የለም።

ሚያዝያ 6፣ ማክሰኞ

ዘዴ አገኘሁ። ስድስት ጥያቄ ጻፍኩ፣ እነሱን ብቻ መጠየቅ። ባለቤቴም በመጨረሻ ሥራ አገኘ። ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ሰዓት ይይዛል፣ ልክ መንጃ ፈቃድ እንደሚፈትን ሰው ኮስተር ብሎ። ሁለት ደቂቃ ተኩል ሲሆን እጁን ያነሳል። ሠላሳ አንድ ሰው!

ፀጉር አስተካካዩ እንደ ልማዱ «አንድ ቀን እንግዲህ አንድ ሙሽራ...» ብሎ ሲጀምር እጅ ተነሳ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሌላ ሰው እየጠበቀኝ ነው» አልኩት።

«እሺ ሲስተር። ይቅርታ፣ ሥራ አስፈታሁሽ።»

ሙሽራው ምን እንደሆነ ሳልሰማ ቀረሁ። ደስ አላለኝም። ግን ምን ላድርግ?

ሚያዝያ 13፣ ማክሰኞ

ሠላሳ ስምንት! ሁለተኛ ወጥቻለሁ። ፀጉር አስተካካዩ እንኳ ሁለት ደቂቃ አልሞላም። «ደህና ነኝ... መድኃኒቴን ወስጃለሁ... በይ ደህና ዋይ።» ባለቤቴ ተነስቶ ጨበጠኝ፣ «ዛሬስ አለፍሽ!»

በዚሁ ቀን፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት

መቀመጥ አቃተኝ። ለምን አልቀለደም? አስቀይሜው ይሆን? መቼም ሰውዬው ኩርፊያ አያውቅም... «ደህና ነኝ» አለና ቆመ። «መድኃኒቴን ወስጃለሁ» አለና ቆመ። ለምን ቆመ? እኔ ነኝ የማጋንነው? ሁለት ጊዜ የተደወለለት ሰው ሠንጠረዡ ላይ እንደ አንድ ነው የሚቆጠረው።

ልደውል።

ሚያዝያ 14፣ ረቡዕ

ትናንት የሆነውን ልጻፈው።

አነሳ። «ሲስተር... ረሳሽ እንዴ... አሁን... ተነጋገርን እኮ።»

«አልረሳሁም። አንድ ነገር ልለምንዎት፣ በአንድ ትንፋሽ ከአንድ እስከ ሃያ ይቁጠሩልኝ።»

«ምነው... ትምህርት ቤት... ልታስገቢኝ ነው?»

«ይቁጠሩ።»

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ሰባት ላይ አየር ሳበ። ጆሮዬ ቆመ። ደግሜ አስቆጠርኩት። ስድስት።

«ለባለቤትዎ ይስጡልኝ።»

ሚስትየው ስልኩን ተቀብላ ማልቀስ። ካሳለው ሦስት ቀኑ ነው፣ ከትናንት በስቲያ ጀምሮ ምግብ አልበላም። «እንዳልነግርሽ አስምሎኝ ነው። ሥራ ይበዛባታል፣ ሌላ ሰው ይጠብቃታል፣ አታስቸግሪያት እያለ።»

ሌላ ሰው ይጠብቃታል... የኔው ቃል። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አምቡላንስ ጋ ደወልኩ። ሁሉም ወጥተዋል፣ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይፈጃል አሉኝ። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆሞ ሲሰማ ነበር ለካ። አንድ ቃል አልተናገረም፣ ቁልፉን አነሳ። ጭንብል ደራርቦ፣ አራቱንም መስኮት ከፍቶ፣ ባልና ሚስቱን ከቤታቸው ወስዶ ከኋላ አስቀምጦ ከነፈ። በማሰልጠኛው መኪና! ጣራው ላይ «ለማጅ» የሚል ተለጥፎ! መንገዱ ሁሉ ጡሩምባ ነፋበት አሉ። ሃያ ዓመት ተማሪዎቹን «ቀስ» ሲል የኖረ ሰው...

ሆስፒታሉ በር ላይ ጓደኛዬ ኦክስጅን ይዛ ጠበቀቻቸው። ቀድሜ ነግሬያት ነበር። ወዲያው የደሙን ኦክስጅን ለካችው፣ ሰባ ዘጠኝ። ጤነኛ ሰው ከዘጠና አምስት በላይ ነው። ዛሬ ጠዋት ደወለችልኝ። «ይተነፍሳል። አንድ ቀን ብትዘገዪ ግን አናገኘውም ነበር» አለችኝ። ከዚያ «እዚህ የሌለሽ እንዳይመስልሽ» አለችኝና ዘጋችው።

አለቀስኩ። ደስ የሚል ለቅሶ።

ባለቤቴ በሽታውን እንዳያስይዘኝ ማሰልጠኛው ቢሮ ገብቷል፣ ለአሥራ አራት ቀን። እሱንም ስም ዝርዝሬ ውስጥ አስገባሁት። «ሳል አለ?» እለዋለሁ። «የለም፣ ግን ፍቅር አለ» ይለኛል። ልጄ ጆሮዋን ትይዛለች።

ሚያዝያ 16፣ ዓርብ

ረቡዕና ትናንት ለአንድም አዲስ ሰው አልደወልኩም። በሦስት ደቂቃ ለሸኘኋቸው ነው ከመጀመሪያ የደወልኩላቸው። «ደህና ነኝ» ካሉኝ ውስጥ አንዷ ፋርማሲ መሄድ ፈርታ አንዱን ክኒን ለሁለት ቀን እየከፈለች ትውጣለች። አንዱ ደግሞ እግሩ ላይ ቁስል አለበት፣ «ሲስተር እንደሆነች ቸኩላለች» ብሎ ነው ያልነገረኝ። ቁጥሬ ታች ወረደ፣ አፈር በላ።

ሠንጠረዡ ደወለ። ለጠብ ተዘጋጅቼ ነበር፣ ሦስት ዓረፍተ ነገር ሁሉ አጥንቼ።

«ሲስተር፣ የፀጉር አስተካካዩን ሰማሁ። እንዴት አወቁ?»

«አልቀለደማ።»

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሁለት ጊዜ «ሃሎ» አልኩ።

«አባቴም ስኳር አለበት» አለ ቀስ ብሎ። «ስደውል ሁልጊዜ ደህና ነኝ ነው የሚለኝ። ስንት ደቂቃ እንደማወራው... አላውቅም።»

ያጠናሁት ሁሉ ከአፌ ጠፋ። «ዛሬ ይደውሉለት፣ ልጄ» አልኩት። ልጄ! ለኃላፊዬ!

ማታ ላይ አዲስ ሠንጠረዥ ላከ። አርባው ሃያ ሆኗል። «ተደግሞ የተደወለለት» የሚል ዓምድ ተጨምሯል፣ «ያልተለመደ ዝምታ» የሚልም። ይቅርታውም በሠንጠረዥ ነው የሚመጣው! ብቻዬን ሳቅሁ።

ሚያዝያ 24፣ ቅዳሜ

ፀጉር አስተካካዩ ያለ ኦክስጅን መተንፈስ ጀምሯል! ራሱ ደወለ። ድምፁ ሰልሏል፣ ቀልደኛነቱ ግን ፍጹም ድኗል። «ሌላ ሰው እየጠበቀሽ ነው?» አለኝ።

«ማንም አይጠብቀኝም።»

«እንግዲያው ሙሽራው...» ሠላሳ አራት ደቂቃ። ሙሽራው የሠርጉ ጠዋት ግማሽ ፀጉሩን ተቆርጦ ሳለ መብራት ጠፋ። ሆዴን ይዤ ሳቅሁ።

ሚያዝያ 27፣ ማክሰኞ

ባሌ ተመለሰ። ጤነኛ ነው። ገና ከመግባቱ «ማነው እዚህ ወንበር ያንቀሳቀሰ?» አለ። እንኳን መጣህ።

ሰኔ 8፣ ሰኞ

አምስት አዳዲስ ነርሶች በስልክ አሠለጠንኩ። «ጥያቄው ካለቀ በኋላ ምን እንጠይቅ?» አለች አንዷ። «ምንም። ትንሽ ጠብቂ» አልኳት። ጻፈችው። ያን ያህል የሚጻፍ ነገር ነው?

ኅዳር 8፣ ማክሰኞ

ነገሩ ጋብ ስላለ በሳምንት ሦስት ቀን ክፍሌ ገባሁ፣ ሁለቱ ቀን በስልክ። ዛሬ የመጀመሪያዬ። ጓደኛዬም ተመልሳለች። መተቃቀፍ ገና አልተፈቀደም፣ በክርናችን ተገፋፋን።

ረፋዱ ላይ አንዲት እናት ገቡ። ለሰባት ወር በስልክ ብቻ ነው የማውቃቸው፣ ድምፃቸውን ስሰማ ደስ አለኝ። ግፊታቸውን ለካሁ፣ ካርዳቸውን ስቤ እየጻፍኩ መጠየቅ ጀመርኩ። እንቅልፍ? ምግብ? መድኃኒት?

ቀና አልኩ። እያዩኝ ነው።

«ምነው ልጄ፣ ዛሬ ጠፋሽብኝ?»

«ፊትዎ ነኝ እኮ እናቴ።»

«አይ፣ ወረቀቱ ላይ ነሽ። እቤቴ ብትደውዪልኝ ይሻለኝ ነበር።»

ፊቴ ፍም መሰለ። ሃያ ሦስት ዓመት በዚህ ወንበር ላይ ይሄን ያህል ሰው አየሁ እያልኩ ስኩራራ... ስንቱን አየሁ? ስንቱ ነው ያቀረቀረ ግንባሬን ብቻ አይቶ የሄደው?

በረንዳው ላይ ሰው ይጠብቃል። አውቃለሁ። ካርዱን ዘጋሁት፣ ወንበሬን ወደሳቸው አዞርኩ።

«እሺ እናቴ፣ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ።»

ከመጀመሪያው ማለት አልነበረብኝም። ከተወለዱበት ቀን ጀመሩ።

ሰማኋቸው።