ስልሳ ወር

ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.
መቱ

ትተህልኝ የሄድከው ካልኩሌተር ባትሪው እያለቀ ነው።

ይድረስ ለቀድሞው የጠረጴዛ ጎረቤቴ። ጤናህ እንዴት ነው? የእናትህን ጉልበት ተሻላቸው? የኮምቦልቻ ሙቀት አሁንም ያነስርሃል? በቤትህ ሌላም ሰው ካለ ሰላምታዬ ይድረስ። እኔ ደህና ነኝ። እናቴ ከአልጋ ባትወርድም አፏ ጤነኛ ነው፤ ስድቧን አላቋረጠችም። ዝናቡ ዘንድሮ ቀድሞ ገባ። የቡሬው አውቶቡስ ጭቃ ይዞት ሰዎቹ ግማሹን መንገድ በእግር ነው የመጡት።

ስልክ ያልደወልኩት በስልክ ስለምዋሽ ነው። ዓምና ዋሽቼሃለሁ። እደርስበታለሁ።

ዋናው መሥሪያ ቤት የብድር ክፍል ሠራተኛ ሁሉ በእጅ የሚያዘውን የፋይናንስ ካልኩሌተር እንዲችል አዟል። ግድግዳው ላይ የነበረውን የክፍያ ሠንጠረዥ፣ አንተ ሻይ የደፋህበትን፣ ቀደው ጣሉት። ከእንግዲህ ገበሬው ፊታችን እንደተቀመጠ በየወሩ ስንት እንደሚከፍል እዚያው አስልተን ልንነግረው ነው። ሥልጠናው ስድስት ቀን፣ ፈተናው ነገ። የወደቀ ኖፓ ቅርንጫፍ ይመደባል። ኖፓ ክፉ አገር ሆኖ አይደለም። እናቴን ማን ያገላብጣታል?

ለሌሎቹ አዲስ ማሽን ታደለ። እኔ የራሴ አለኝ ብዬ አልወሰድኩም። የራሴ አልኩ እንጂ ስድስት ዓመት ሙሉ ደምሬ ቀንሼበታለሁ፣ ሌላ አላውቅም። መሃል ረድፍ ላይ ያሉትን አምስት ቁልፎች ነክቻቸው አላውቅም ነበር። አንተ በእስክሪብቶ ጀርባ ስትጫናቸው ስለኖርክ ላንተ ብቻ የተሠሩ ይመስሉኝ ነበር።

አሠልጣኛችን ዬሮሳን ትባላለች፤ ከጅማ የመጣች፣ ልጄ ልትሆን የምትችል። አምስቱን ቁልፎች በአንድ ጠዋት አስተማረችን። አንዱ ስንት ወር ነው፣ አንዱ ወለዱ፣ አንዱ ዛሬ በእጅ ያለው፣ አንዱ በየወሩ የሚከፈለው፣ የመጨረሻው በስተመጨረሻ የሚገኘው። አራቱን ከነገርናት አምስተኛውን ማሽኗ ራሷ ታወጣለች። በፊት ግን ውስጧ ባዶ መሆኑን አረጋግጡ አለች። ያለፈውን መልሶ የሚጠራ ቁልፍ አለ፤ እሱን ተጭነን የወሩን ቁልፍ ስንነካ ዜሮ መምጣት አለበት። የሁሉም ዜሮ መጣ። የእኔ ስልሳ አለ።

ዬሮሳን ከጀርባዬ ጎንበስ ብላ አየችና፣ እትዬ የእርስዎ ውስጥ ሰው አለ አለች። ክፍሉ ሳቀ። ጌታሰው የሚባል ካንተ በኋላ የመጣ ገንዘብ ያዥ አለ፤ ታዲያ ኪራይ አስከፍዪው አለኝ።

አንድ በአንድ ጠራናቸው። ወር፣ ስልሳ። ወለድ፣ ሰባት። ዛሬ በእጅ ያለ፣ ምንም። በየወሩ፣ 3,352 ብር ከ29 ሳንቲም፤ ከፊቱ የመቀነስ ምልክት አለው። ምልክቱ ከኪስ የሚወጣ ማለት ነው አለች ዬሮሳን። በስተመጨረሻ፣ 240,000።

ይሄ ብድር አይደለም፣ ሰውየው ሊያጠራቅም ነበር አለች። ለአምስት ዓመት። ቶሌ፣ እሺ፣ አሁን ያጥፉት ብላኝ ወደ ሌላው ጠረጴዛ ሄደች።

አላጠፋሁትም። አጠፋሁ አልኳት።

240,000ን አውቀዋለሁ። እናትህ ታመሙ ተብለህ ኮምቦልቻ ልትወርድ ሁለት ሳምንት ሲቀርህ፣ ወደ ሶር ፏፏቴ በሚወስደው መንገድ በእትዬ ሸዋርካብሽ ቤት በኩል አልፈን ነበር። በሩ ላይ የሚሸጥ ቤት የሚል ካርቶን ተሰቅሏል። ሁለት በር ያለው፣ ጓሮው አቮካዶ። አንደኛውን በር ለእናቴ ብሰጣት ስድቧን በግድግዳ እሰማው ነበር ብዬ ቀለድኩ። አንተ አንኳኩተህ ዋጋ ጠየቅህ። ሁለት መቶ አርባ ሺህ፣ አንዲት ብር አልቀንስም አሉ። እኔ ሳቅሁ፣ አንተ አልሳቅህም። በማግስቱ ጠረጴዛህ ላይ አቀርቅረህ ቁልፍ ስትጫን፣ የማን ብድር ነው አልኩህ። የአንድ የማውቀው ሰው ነው አልክ።

ደመወዛችን እኩል ነበር። ከላዩ 3,352 ሲነሳ ምን እንደሚተርፍ አውቃለሁ። ምሳ አይተርፍም።

ሥልጠናውን የተማርኩት በጋሼ አሊ ማሽን ነው። ታስታውሳቸዋለህ፣ ከያዮ ክፍያ የሚሰበስቡትን። በመጀመሪያው ቀን የእሳቸው መልስ ከሁላችን አነሰ። ዬሮሳን ብታየው ወለዱ ላይ ዜሮ አስገብተዋል። ጋሼ፣ ወለዱን የት አደረሱት ስትላቸው፣ ልጄ፣ እኔ በጣቴ አልነካትም፣ ማሽኗ ከፈለገች ትጨምር አሉ። ጌታሰው ደመወዝዎ ከምን የሚከፈል መስሎዎት ነው ቢላቸው፣ እሱን እኔና ጌታዬ እንተሳሰባለን፣ አንተ መሃላችን አትግባ አሉት። ከዚያ ወዲህ ወንበሬን ወደ እሳቸው አስጠጋሁ። የወለዱን ቁልፍ እኔ እጫናለሁ፣ የቀሩትን አራቱን እሳቸው። ስድስት ቀን እንዲህ ሠራን። አሁን እችላለሁ። የቡና ገበሬ ብድር ስጠኝ፣ ከተቀመጥኩበት አወጣልሃለሁ። ጋሼ አሊ፣ ያንቺ ማሽን ምን ሆና ነው ቢሉኝ ባትሪ አልኳቸው። ባትሪ ከሆነማ ጠጋኙ ሀይደር አለ አሉ።

ነገ ግን እያንዳንዱ በየራሱ ነው። ትርፍ ማሽን የለም፤ ጠይቄያለሁ።

አንተ የሄድከው በሰኔ 2011 ነው። ስልሳ ወር ሲቆጠር ሰኔ 2016 ላይ ይወድቃል። በሰኔ 2016 ደወልክልኝ።

ከበዓል መልእክት በቀር አምስት ዓመት ድምፅህን አልሰማሁም ነበር። ደህና ነሽ ወይ አልክ፣ እናቴን ጠየቅህ፣ ከዚያ የእትዬ ሸዋርካብሽ ቤት ተሸጠ ወይ አልከኝ። ያን ያህል ጠብቄ የመጣው የቤት ጥያቄ ሆነ። ደላላ የሆንክ መሰለኝ። ድሮ ተሸጠ አልኩህ። ማን ገዛው አልክ። ነጋዴ አልኩ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ፣ ሃሎ አልኩ። አለሁ፣ በይ ደህና ሁኚ አልክ። ከዚያ የበዓሉም መልእክት ቀረ።

መሸጥ አለመሸጡን አላውቅም ነበር። ካንተ ጋር ካለፍኩ ወዲህ በዚያ መንገድ ሄጄ አላውቅም። ገበያ ስሄድ እንኳ በላይ በኩል ዞሬ ነው። ባለፈው እሑድ ሄድኩ። ካርቶኑ ዝናብ በልቶት ጽሑፉ አይነበብም፣ ግን ተሰቅሏል። እትዬ ሸዋርካብሽ አንደኛው በር ላይ ተቀምጠው ጎመን ይቀነጥሳሉ። ሰላም ብያቸው አለፍኩ። መጠየቅ አቃተኝ።

ይህን የምጽፍልህ ሀይደር ሱቅ፣ ባንኮኒው ላይ ነው። ቁጥሮቹ ከጠዋት ጀምሮ ደብዝዘዋል፤ ለማንበብ ወደ መስኮት መዞር ያስፈልጋል። ሀይደር ማሽኗን ገልብጦ አየና፣ ባትሪው ሲወጣ ውስጧ ያለው ሁሉ ይጠፋል፣ የምትፈልጊው ቁጥር ካለ ጻፊው አለኝ። ጽፌዋለሁ አልኩት። እንግዲያ ምን ቸገረሽ አለኝ። ምን ልበለው? ወረቀቱ ላይ ያለው የእኔ እጅ ነው። እዚያ ውስጥ ያለውን የተጫንከው አንተ ነህ። ባትሪው ባይቀየርም ነገ የመጀመሪያውን ጥያቄ ስሠራ በላዩ ላይ ነው የምጽፍበት። በየትም በኩል አይተርፍም።

ለመጨረሻ ጊዜ አምስቱንም ጠራኋቸው። ሀይደር እየተጫንሽ አትጨርሺያት አለኝ።

የሀይደር ካቻቢቴ ለብሎኖቹ ትልቅ ሆነ። ከሰዓት ሠሪው ሊዋስ ወጥቷል፤ ካወቅሁት ወሬ ሳይጨርስ አይመለስም። ማሽኗ በሆዷ ተኝታ ፊቴ ናት። ሲፈታት መቆሜ ምንም አይጨምርም።

ዓምና ሄጄ ሳልጠይቅ ነው የመለስኩልህ። እትዬ ሸዋርካብሽ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ከቤት አይወጡም። ዛሬ በዚያ ዋጋ በሩንም እንደማይሸጡልኝ አውቃለሁ። ቢሆንም እጠይቃለሁ፤ የሚሉኝንም ከፊርማዬ በታች ጽፌ ፖስታውን አሽጋለሁ። ቤቱ ለማን ነው ቢሉኝ፣ ለአንድ የማውቀው ሰው እላለሁ።

ፈጣሪ እናትህን በእግራቸው ያቁምልህ። የምትገባበት ቤት ይሙቅልህ፣ ከሚቀመጠውም ለምሳህ ይትረፍልህ።

ለሀይደር የባትሪውን ብር ማሽኗ ሥር አድርጌለታለሁ። ዝናቡ አላባራም። እየወጣሁ ነው።

የጠረጴዛ ጎረቤትህ